ወንድሜ ስልኬ ላይ የፐብጂ ቺት ጫነ፣ ምን ላድርግ?

የቤቱ ትልቅ፦ ታናሽ ወንድሜ ፐብጂ ሞባይል የሚጫወተው በኔ ስልክ ነው። ከቴሌግራም «ጠላትን ከግድግዳ ጀርባ ያሳያል፣ ባን የለውም» የተባለ ቺት (የጌም ማጭበርበሪያ) ኤፒኬ፣ ማለትም ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን አፕ፣ ገዝቶ ጫነ። ትናንት ጌሙን ሲከፍት አካውንቱ ለ10 ዓመት ታግዷል። ሻጩ ብሎክ አድርጎታል፤ ልጁ እራትም አልበላ። «ሁሉም ቺት ነው የሚጠቀመው» ይለኛል። እገዳው ይነሳል? ቴሌብሬም እዚሁ ስልክ ላይ ነው።

ኤም416፦ አይነሳም እህቴ። 10 ዓመት የታወቀ የፐብጂ ሞባይል ቅጣት ነው። በስህተት የታገደ ይግባኝ ይላል፤ እሱ ግን በስህተት አልታገደም። አሁን ደግሞ «በብር አስነሳልሻለሁ» የሚል ይመጣል። እሱም ያው ሌባ ነው።

ሹክሹክታ፦ እኔን ያሳሰበኝ ስልኩ ነው። ሲጭን ፕሌይ ፕሮቴክትን (ጎጂ አፕ የሚፈትሸውን) አጥፋ ብለውታል? የኤስኤምኤስ ወይም የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድስ ሰጥቷል? ኤስኤምኤስ ከፈቀደ የማረጋገጫ ኮድሽን ያነቡታል። አክሰሲቢሊቲ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን አይተው ባንቺ ፈንታ መንካት ሁሉ ይችላሉ። አሁኑኑ ዳታና ዋይፋይ አጥፊ። ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ አድርጊና በ*127# ገብተሽ የቴሌብር ፒን ቀይሪ። የጂሜይልና የቴሌግራም ፓስወርድም ከዚያው ከሌላው ስልክ ይቀየር፤ ቴሌግራም ላይ የማታውቂው ስልክ ገብቶ ካየሽ አስወጪው። ፎቶዎችሽን በኬብል ገልብጠሽ ስልኩን ፋክተሪ ሪሴት አድርጊ (ሁሉም ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጀምራል)። ኤፒኬውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም።

የቤቱ ትልቅ፦ ፒኑን ቀይሬያለሁ። ኤስኤምኤስ ፈቅዶለት ነበር፣ ጉድ ነው! ግን መጀመሪያ ሰሞን እኮ በደንብ ይሠራ ነበር።

ኤም416፦ ይሠራል። ጌሙ ተጫዋቾቹን ለመሳል ቦታቸውን ከሰርቨር (ጨዋታውን ከሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ይቀበላል፤ ቺቱ ያንን ከስልኩ ሚሞሪ አንብቦ ያሳያል። እገዳ ደግሞ ሆን ተብሎ ሊዘገይ ይችላል። የጌም መደብሩ የስቲም ባለቤት ቫልቭ ለምሳሌ ቺተሮችን ለይቶ ቆይቶ በጅምላ ያግዳል። ወዲያው ቢያግድ የቺቱ ሠሪ በምን እንደተያዘ ይነቃል። ሻጮቹም የሚነግዱት በዚያች ክፍተት ነው።

ፒንግ ገደለኝ፦ «ሁሉም ቺተር ነው» የሚለው አይዋጥልኝም። ከዚህ ስንጫወት ሰርቨሩ ሩቅ ነው። አንተ ስክሪን ላይ ግድግዳ ጀርባ ገብተሃል፤ ሰርቨሩ ግን ገና ውጭ ነው የሚያይህ፤ ስለዚህ በግድግዳ ውስጥ የተመታህ ይመስልሃል። ልጁ ጌሙ ውስጥ ሲሞት ሪፕሌዩን (አሟሟቱን መልሶ የሚያሳየውን) ይይ። ተኳሹ ያላየውን ሰው በግድግዳ ውስጥ እያነጣጠረ ከተከተለ፣ ያኔ ሪፖርት ያድርግ።

የቤቱ ትልቅ፦ እነግረዋለሁ። ከሪሴት በኋላ አዲስ አካውንት ይከፈትለታል?

ሹክሹክታ፦ ስልኩም አብሮ የሚታገድበት ጊዜ አለ። ሞክሩት፤ እምቢ ካለ ጌሙን በዚህ ስልክ እርሱት። ከፕሌይ ስቶር ውጭ ግን ምንም አይጫን።