ሆሚ ባባ፦ ፊዚክሱን ትቶ ነው የአቶሚክ ፕሮግራም የመራው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ህንድ የአቶሚክ ፕሮግራም ሳነብ ከህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ከሆሚ ባባ መላቀቅ አቃተኝ። ገና 30 ሳይሞላው ካምብሪጅ ሆኖ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (ተቃራኒ ቻርጅ ያለው የኤሌክትሮን አቻ) ሲጋጩ የሚሆነውን ያሰላ ሰው ነው፤ ያ ስሌት ዛሬም በስሙ ነው የሚጠራው። ከ1948 ጀምሮ ግን እስኪሞት ድረስ የህንድ አቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን ሊቀመንበር ነበር። (ቀኑም ዓመቱም እንደ ፈረንጆቹ ነው።) እንዲህ ያለ ጭንቅላት በስብሰባና በበጀት አለቀ ማለት ነው? የከነከነኝ ይሄ ነው። ደግሞ የሞተበት አውሮፕላን ሆን ተብሎ ነው የተመታው ይባላል። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ኮስሚክ፦
ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን «አለቀ» በሚለው አልስማማም። ሰውዬው ወደዚህ ሥራ የገባው አቅዶ እንኳ አይደለም። በ1939 ለእረፍት ህንድ መጣ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና መመለሻ አጣ። ባንጋሎር በሚገኘው የህንድ ሳይንስ ተቋም፣ ያኔ የኖቤል ተሸላሚው ፊዚሲስት ራማን በነበረበት ቦታ፣ ኮስሚክ ጨረር (ከጠፈር የሚመጣ ጨረር) ማጥናቱን ቀጠለ። እዚያ ሆኖ ነው አገሩ ውስጥ ለመሠረታዊ ፊዚክስ የሚሆን ደህና ቤት እንደሌለ ያየው። መጋቢት 1944 ላይ ለታታ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። የአቶም ኃይል ከሁለት አስርት ዓመት በኋላ መብራት ማመንጨት ሲጀምር ህንድ ባለሙያ ፍለጋ ውጭ አገር እንዳትሄድ ከአሁኑ እናሰልጥን ነው ያለው። ልብ በሉ፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ የተጣለው ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው! በ1945 የታታ የመሠረታዊ ምርምር ተቋም ተከፈተ። እውነት ለመናገር ዘመድም ጠቅሞታል፤ አክስቱ የሰር ዶራብጂ ታታ ሚስት ነበረች።

ለእኔ ትልቁ ሥራው ሰው ማፍራቱ ነው። በ1957 ሙምባይ ውስጥ ትሮምቤይ በሚባል ቦታ ላይ የማሰልጠኛ ትምህርት ቤት ከፍቶ በየዓመቱ ወጣት መሐንዲሶችንና ሳይንቲስቶችን እያስተማረ ያስገባ ነበር። ይሄን ለማድረግ ፊዚክሱን ከውስጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎበዙን ከተራው መለየት የሚችለው ራሱ የሠራበት ሰው ነው።

የቶሪየም ወዳጅ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ነገሩን አናሳምረው። አፕሳራ የምትባለዋ የኒውክሌር ማብለያ (ሪአክተር) ነሐሴ 4 ቀን 1956 ሥራ ስትጀምር ከሶቪየት ኅብረት ውጭ በእስያ የመጀመሪያዋ ነበረች። የራሳቸው መሐንዲሶች ናቸው የገነቧት፣ ነዳጁ ግን ከእንግሊዝ ነው የመጣው። ቀጥሎ የመጣው ሳይረስ የተባለው ማብለያ በካናዳ እርዳታ ተሠራ። በ1974 ህንድ ለሞከረችው ቦምብ ፕሉቶኒየሙ (ዩራኒየም ማብለያ ውስጥ ሲነድ የሚገኘው ንጥረ ነገር) የወጣው ከዚሁ ከሳይረስ ነው፣ ባባ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ።

እኔን የሚገርመኝ ሦስት ደረጃ ያለው እቅዱ ነው። ህንድ የማብለያ ነዳጅ የሆነው ዩራኒየም ብዙ የላትም፣ ቶሪየም የሚባለው ብረት ግን በደቡብ ህንድ በኬራላ የባህር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ሞልቷል። ችግሩ ቶሪየም ብቻውን አይነድም፣ መጀመሪያ ኒውትሮን እያስገቡ ወደ ሌላ ዓይነት ዩራኒየም መቀየር አለበት። ስለዚህ ባባ እንዲህ አሰበ፤ በተፈጥሮ ዩራኒየም እንጀምር፣ ከዚያ የሚገኘውን ፕሉቶኒየም ፈጣን ማብለያ (ኒውትሮኑ ሳይዘገይ የሚሠራ) ውስጥ እናንድደው፣ በመጨረሻ ወደ ቶሪየም እንለፍ። የሚያምር ሐሳብ ነው። ግን ሦስተኛው ደረጃ ዛሬም በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። ሌላም ቅሬታ አለኝ፦ የአቶሚክ መሥሪያ ቤቱ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለኔህሩ ነበር፣ ሕጉም ምስጢር ጠባቂ ነው፣ ከውጭ «ይሄ ያዋጣል ወይ?» ብሎ የሚሞግት ሰው አልነበረም። ለፈጠነ ሥራ ይመቻል፣ ስህተትን ለማረም ግን አይመችም።

ጠያቂ፦
ወይ ጉድ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የአውሮፕላኑስ?

ኮስሚክ፦
ጥር 24 ቀን 1966 ነው። ወደ ቪየና ስብሰባ እየሄደ ነበር። የኤር ኢንዲያው ቦይንግ 707 ጄኔቫ ሊያርፍ ሲል በአልፕስ ሞን ብላን ተራራ ላይ ተከሰከሰ፣ 117 ሰው አለቀ። ምርመራው ያገኘው እንዲህ ነው፦ አንዱ የአቅጣጫ መቀበያ ተበላሽቶ ነበር፣ አብራሪው ተራራውን ያለፈ መስሎታል፣ ተቆጣጣሪው በራዳር አይቶ ገና እንዳላለፈ ሲነግረው ደግሞ በደንብ አልተግባቡም። ሆን ተብሎ ነው የሚለውን ወሬ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ የሚጨበጥ ማስረጃ ግን አላየሁም። ገና 56 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ትሮምቤይ ያለው የአቶሚክ ምርምር ማዕከል በስሙ ተሰየመ።