ለአጋዘን አደን የቱ ጥይት ይሻላል? የፋብሪካ ወይስ በእጅ የተሞላ

ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን ማደን ለመጀመር የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ «የፋብሪካ ጥይት ልግዛ ወይስ በእጅ የተሞላ?» እያላችሁ ለምትጠይቁት የእኔ ጥቆማ ይኸው።

ለመጀመሪያው ዓመት የፋብሪካ ግዙ። በእጅ የተሞላ ጥይት (ሰው ቤቱ ውስጥ ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን ራሱ ገጥሞ የሠራው) መተኮስ ያለበት የሞላው ሰው ራሱ ብቻ ነው። ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ «እኔው የሞላሁት ነው፣ ከፋብሪካው ይበልጣል» ብሎ የሚሰጣችሁ ሰው ካጋጠማችሁ በነጻም ቢሆን አትቀበሉ። ባሩዱ ከልክ ካለፈ ወይም ዓይነቱ ከተሳሳተ ጠመንጃው እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ለአጋዘን አደን ከተለመዱት የጥይት ዓይነቶች አንዱ ለሆነው ለ308 ዊንቸስተር የተቀመጠው የግፊት ጣሪያ በአንድ ካሬ ኢንች 62,000 ፓውንድ ነው፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ከጉንጫችሁ አጠገብ ነው። በዚያ ላይ ጥይት እየሞሉ መነገድ በአሜሪካ የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ የጠመንጃ አምራቾችም በእጅ የተሞላ ጥይት ለሚያደርሰው ጉዳት ዋስትና አይሰጡም።

ከፋብሪካው ውስጥስ የቱን? ሱቅ ውስጥ ሁሉም ስለ ፍጥነት ያወራችኋል። እኔ ግን አስቀድማችሁ አረሩን (ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚመታውን ክፍል) እዩ እላለሁ፤ እንስሳውን ቶሎ የሚጥለው እሱ ነውና። የሬሚንግተን ኮር-ሎክት ከ1939 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ፣ ዋጋው ቀለል ያለ ጥይት ነው። እዚህ ጫካ ውስጥ አብዛኛው ተኩስ ከ100 ያርድ ስለማያልፍ ይበቃል። የፌዴራል ፊውዥን አረሩና የመዳብ ልባሱ የተጣበቁ ስለሆኑ አጥንት ቢመታም በቀላሉ አይበታተንም፤ ትንሽ ጨምራችሁ እሱን ብትገዙ ደስ ይለኛል። የሆርናዲ ኢኤልዲ-ኤክስ ለሩቅ ተኩስ የታሰበ ነው። በቅርብ ርቀት ትከሻ ላይ ካረፈ ብዙ ሥጋ ያበላሻል፣ ስለዚህ ለእኛ ጫካ አልመርጠውም።

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ነው፤ ባርንስ ቮር-ቲኤክስን የመሰለ። ምክንያቱ ሥጋው ነው። የእርሳስ አረር ሲመታ በዓይን የማይታይ ብናኝ ከቁስሉ ርቆ ሥጋው ውስጥ ይበትናል። በ2008 እ.ኤ.አ. ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አዳኞች ለችግረኞች የለገሱት የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ በራጅ ሲታይ የብረት ብናኝ ስለተገኘበት፣ የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት ማከፋፈያዎቹ እንዲያስወግዱት መክሯል። እኛ ደግሞ ሥጋውን ለልጆቻችንና ለነፍሰ ጡር እኅቶቻችን ጭምር የምናካፍል ሰዎች ነን። (ለነገሩ የአጋዘን ሥጋ በጥሬው አይበላም፤ ክትፎውን እርሱት፣ በደንብ አብስሉት።) መዳብ ዋጋው ወደድ ይላል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስም እንስሳው ውስጥ ገብቶ ጫፉ በደንብ ላይከፈትና ላይሰፋ ይችላል። ከእርሳስ ስለሚቀል ክብደቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ፤ በ308 የ165 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) እርሳስ የሚተኩስ ሰው የ150 ግሬን መዳብ ይበቃዋል።

ራሳችሁ መሙላት የምትፈልጉ ከሆነ ግን በርቱ፤ የሚያረካ ሙያ ነው። ነገር ግን በቅርብ ርቀት ለማደን ብላችሁ አትጀምሩ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 8 ኢንች ያህል ስፋት አለው፤ ጥሩ የፋብሪካ ጥይት እዚያ ለመግባት አይቸገርም። በእጅ መሙላት የሚጠቅመው ጥይቱ ከገበያ ለጠፋ አሮጌ ጠመንጃ፣ ወይም ትከሻውን የማይመታ ለስላሳ ጥይት ለሚያስፈልገው ሰው ነው። የምትጀምሩ ሰዎች ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ የሆርናዲን ወይም የላይማንን የመሙያ መጽሐፍ ግዙ። ቀጥሎ ጥሩ ሚዛንና ባለ አንድ ደረጃ መጫኛ (ጥይቱን የሚገጥመው መሣሪያ)፤ ሊ የሚባለው ኩባንያ መጫኛ ርካሹ ነው፣ የአርሲቢኤስ ኩባንያው ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ባሩዱን መጽሐፉ ከሚሰጠው ዝቅተኛ መጠን ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ጠረጴዛችሁ ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥ። ከሰው የሰማችሁትን መጠን ደግሞ በፍጹም አትጠቀሙ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን እዩ። ቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ23 ካሊበር (የአረሩ ውፍረት 0.23 ኢንች) ያነሰ ጠመንጃ አትፈቅድም፤ ስለዚህ 223 የሚባለው ጥይት አረሩ 0.224 ኢንች ብቻ ስለሆነ አይሆንም። በጠመንጃ ማደን የሚከለክሉ ካውንቲዎችም አሉ። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ ሰዎች ጥይት መያዝ ራሱ በፌዴራል ሕግ ሊያስጠይቃችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ስትገዙም በሳጥኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ የሆነውን ሁለት ሦስት ሳጥን በአንድ ጊዜ ውሰዱ። በአንደኛው ጠመንጃችሁን አስተካክሉ፣ የቀረውን ለአደኑ አስቀምጡ።