የምጣዱ ጉዳይ፦ የሰፈራችን የጋራ ሐሳብ ረቂቅ (ደብረ ማርቆስ)

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው "መብራት እንቆጥብ" የሚል ረቂቅ ይዤ መጥቼ ነበር። ቤት ገብቼ ሳሰላው ሐሳቤን ቀየርኩ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ቆጣቢው አምፖል 9 ዋት ነው። አንድ ምጣድ ሲጣድ ወደ 400 አምፖል በራ ማለት ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጋግር ቤት ለምጣድ ብቻ በወር ከ40 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። አምፖል አጥፉ ብንል ጠብ የሚል ነገር የለም። ረቂቁ ከምጣድ ይነሳ።

ገንዘብ ያዥ፦
ልክ ነህ ልጄ። በዓል ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ እኩል ይጥዳል፣ የመብራቱም ኃይል ይወርዳል። ባለፈው አክንባሎውን ሳነሳ እንጀራው ዓይን የለውም። ምጣዱን በጎመንዘር አስሼዋለሁ፣ ግን ይዞ ቀረ። ኃይሉ ሲወርድ ምጣዱ አይግልም፤ የአንድ ሰዓቱ ጋገራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሊጡ እንዳይኮመጥጥብኝ ጓሮ ወጥቼ ባሕር ዛፍ አነደድኩ። ጭሱ እስካሁን ዓይኔ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦
እትዬ ያሉት እውነት ነው። ትራንስፎርመሩን የሚያጨናንቀው የወሩ ፍጆታ ሳይሆን ሁላችንም አንድ ላይ የምንጥድባት ሰዓት ናት። ቤቶቹን በመደዳ ለይተን የጋገራ ቀን ብንከፋፈል አንድ ብር አያስወጣንም። ማታ ረከስ ያለ ዋጋ እንጠይቅ የሚሉም አሉ። ለዚያ ግን ፍጆታን በሰዓት ለይቶ የሚቆጥር ቆጣሪ ያስፈልጋል።

ተከራይ፦
እኛን አትርሱን። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነን። ታሪፉ በእርከን ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ከዚያ እየተወደደ ይሄዳል። ለየብቻ ቢሆን እያንዳንዳችን ከታች እንቀር ነበር። ተደምረን ግን ላይ እንወጣለን። ለአነስተኛ ተጠቃሚ የታሰበው ዋጋ እኛ ጋ አልደረሰም። ስለዚህ ምጣድ ትተን በእንጨት እንጋግራለን፣ ወጡንም በከሰል እንሠራለን።

ጸሐፊ፦
ይህ የእኔ ረቂቅ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። አሁን መጀመሪያ ላይ አስገባሁት፦ ለተከራይ ቤተሰብ የየራሱ ቆጣሪ። ቀጥሎ የጋገራ ተራ በመደዳ። መስመር ላልገባላቸው ቤቶች ደግሞ "ምርጥ" የሚባለው እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ያተርፋል። የቀረን የበዓል ዋዜማ ነው። ያን ቀን ተራ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል? እትዬ፣ እዚህ ላይ የእርስዎን ሐሳብ ሳልሰማ አልጽፍም።