«አይ ዊሽ» ወይስ «አይ ሆፕ»? ለታመሙ እንግዳ የሚላክ ደብዳቤ

ጠያቂ፦ እንደምን ዋላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ታመው ጉዟቸውን አቋረጡ። በጀልባ ወጥተው ጉማሬ ለማየት ጓጉተው ነበር፤ ሳያዩ ሄዱ፤ በጣም አዘንኩ። አሁን በሆቴሉ ስም አጭር ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ታዝዣለሁ። ሦስቱንም ምኞቴን በ«ዊሽ» ጀመርኩት፦ «አይ ዊሽ ዩ ዊል ጌት ዌል»፣ «አይ ዊሽ ዩ ዊል ከም ባክ»፣ «አይ ዊሽ ዊ ኖው ኧርሊየር»። በመጨረሻው፣ መታመማቸውን ቀደም ብለን ባለማወቃችን መቆጨታችንን ልነግራቸው ነው። ባልደረባዬ ሦስቱም ስህተት ናቸው አለኝ፤ ምክንያቱን ግን ማስረዳት አልቻለም። ደብዳቤው ነገ ጠዋት ይላካል።

የታቦር ልጅ፦ እህቴ፣ «ዊሽ» ማለት መመኘት ነው፤ አንቺም እየተመኘሽላቸው ነው። ሐሳቡ ይገባቸዋል፤ ላኪው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ሐሳቡማ ይገባቸዋል። ነገር ግን በሆቴል ስም የሚወጣ ደብዳቤ ሲሆን «ይገባቸዋል» አይበቃም። ባልደረባሽ ልክ ነው፣ ልጄ።

ችግሩ የሚጀምረው «እመኛለሁ» ከሚለው ቃላችን ነው። እኛ ሊሆን የሚችለውንም የማይሆነውንም በእርሱ እንገልጻለን፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ሊሆን የሚችል ነገር ከሆነ «ሆፕ» ነው። እንግዳዋ ሊድኑ ይችላሉ፣ ሊመለሱም ይችላሉ፤ ስለዚህ «ሆፕ ዩ ዊል ከም ባክ» በዪ። ከ«ዊሽ» ቀጥሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ «ዊል» አይገባም። ስም ብቻ ከተከተለ ግን «ዊሽ» መልካም ምኞት ይሆናል፤ «ዊሽ ዩ ጉድ ላክ» እንደምንለው።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ፤ እኔ የምወደው ይህንን ነው። ተማሪዎቼ «ዛሬ ለሌለኝ ነገር ለምን የኃላፊ ጊዜ ግሥ እጠቀማለሁ?» እያሉ ይከራከሩኝ ነበር። እኔም «ምነው ክንፍ በኖረኝ!» በሉ እላቸው ነበር። ክንፉ የተፈለገው ዛሬ ነው፤ «ኖረ» ግን የኃላፊ ጊዜ ግሥ ነው። አማርኛችንም ያልሆነውን ሲመኝ ወደ ኋላ ይሸሻል ማለት ነው። እንግሊዝኛውም «አይ ዊሽ አይ ሃድ ዊንግስ» ነው እንጂ «ሃቭ» አይደለም። ቁጭቱ ስላለፈ ነገር ሲሆን ደግሞ እኛ «ኖሮ» እንጨምራለን፦ «ምነው ቀደም ብለን ባወቅን ኖሮ!» እነርሱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው «ሃድ» ይጨምራሉ፦ «ዊሽ ዊ ሃድ ኖውን ኧርሊየር»። ከመጻፍሽ በፊት በልብሽ «ምነው» ብለሽ ጀምሪ፤ «ኖሮ» ከመጣ «ሃድ»ን አትርሺ።

የአቶቴው፦ መምህርት፣ «ዊሽ ዩ ውድ ከም ባክ» ቢባልስ? በ«ዊል» ፈንታ «ውድ»።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ስሜቱ ግን ለዚህ ደብዳቤ አይሆንም። እንዲህ ያለው «ውድ» ሰው እንቢ ሲል ወይም ነገሩ ሲያሰለች የሚመጣ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ አላባራ ሲል «አይ ዊሽ ኢት ውድ ስቶፕ ሬይኒንግ» ትላለህ። ለእንግዳ ሲጻፍ «ምነው ብትመለሺ፣ እንቢ አልሽ እኮ» የሚል ወቀሳ ይመስላል። ስለ ራስህ ደግሞ «አይ ዊሽ አይ ውድ» አይባልም፤ «ኩድ» ነው የሚገባው።

የእንግዳ ተቀባዩ፦ በሌላ ሆቴል እሠራለሁ፤ «ኩድ» በየቀኑ ያስፈልገኛል። እንግዳ አብረን እራት እንብላ ብሎ ሲጋብዘኝ «አይ ዊሽ አይ ኩድ» እላለሁ። ቅር ሳይሰኝ አልችልም ማለቴን ይረዳል።

የታቦር ልጅ፦ መምህርት፣ ተሳስቼ ነበር፤ አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ «አይ ዊሽ አይ ወር» ነው ወይስ «ወዝ»?

ጡረተኛዋ መምህርት፦ በንግግር ሁለቱንም ትሰማለህ። በደብዳቤና በፈተና «ወር» ጻፍ።

ጠያቂ፦ መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በልቤ «ምነው» ብዬ ስጀምር ገባኝ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ዊ ዊሽ ዩ ስፒዲ ሪከቨሪ። ዊ ዊሽ ዊ ሃድ ኖውን ኧርሊየር ዛት ዩ ወር ሲክ። ዊ ሆፕ ዩ ዊል ከም ባክ ቱ ሐዋሳ ኤንድ ሲ ዘ ሂፖስ።» መጨረሻው ላይ «ጎድ ብለሲስ ዩ» ልበል?

ጡረተኛዋ መምህርት፦ «ብለሲስ» ካልሽ «ይባርክሻል» ብለሽ መናገርሽ ነው። ምርቃት ከሆነ ያለ «ሲስ» ነው፦ «ጎድ ብለስ ዩ»፤ «ይባርክሽ» እንደምንለው። ከ«ስፒዲ» በፊት ደግሞ «ኤ» ጎድሏል፤ «ኤ ስፒዲ ሪከቨሪ» በዪው። ከዚያ ላኪው።