አስፈሪውን ፎቶ ላውጣው ወይስ ልተወው?

ፎቶ አንሺዎች፣ እስቲ አማክሩኝ። ማኅበረሰብ «መጤ» ያለውን ሰው እንዴት ጠላት አድርጎ እንደሚስለው የሚያሳይ የፖርትሬት (የሰው ፊት ፎቶ) ሥራ ይዤ ተጣብቄያለሁ።

አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አነሳሁት። መጀመሪያ መብራቱን ከአገጩ ሥር አድርጌ፣ በ24 ሚሊሜትር (ሰፊ እይታ ባለው) ሌንስ በጣም ተጠግቼ። አፍንጫው ገዘፈ፣ ጥላው ወደ ግንባሩ ወጣ። ያስፈራል። ቀጥሎ በመስኮት ብርሃን፣ በ85 ሚሊሜትር፣ ራቅ ብዬ። ያው ሰውዬ ጎረቤት መሰለ።

የፈረንሳይ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው አልፎንስ በርቲዮን በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ የፖሊስ ፎቶን ከፊትና ከጎን ብሎ ሥርዓት አስይዞታል። ዛሬ ማንንም እንደዚያ ብታነሱት ወንጀለኛ ይመስላል።

የጨነቀኝ ተመልካቹ አስፈሪውን ብቻ አይቶ ቢሄድስ ብዬ ነው። ሰውየው እኮ አምኖኝ ነው የተቀመጠልኝ! ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ፍሬም ላድርጋቸው? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።