አዲሱ ላፕቶፕ ቀዩን ቡና ብርቱካናማ አደረገብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ የጅሬን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ያለሁት ጅማ ነው። የቡና ማሸጊያ፣ የሱቅ ታፔላና የሠርግ ካርድ ዲዛይን እሠራለሁ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። 15.6 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 16 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 11። ፍጥነቱ አንደኛ ነው። ስክሪኑ ግን ቅስሜን ሰበረው።

የተለቀመ እሸት ቡና ፎቶ ስከፍት ፍሬው ብርቱካናማ ሆኖ ይታየኛል። ያው ፎቶ ስልኬ ላይ ደማቅ ቀይ ነው። ቡናማው ደግሞ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሌላም አለ። ጥቁር ገጽ ስከፍት ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል፤ ነጭ ስከፍት ቀስ ብሎ ይበራል። በረንዳ ላይ ይዤው ከወጣሁ ከራሴ ፊት በቀር ምንም አይታየኝም። ማታ ማታ ዓይኔን ያቃጥለኛል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» አለኝ። እውነት የሚለመድ ነገር ነው? የሚስተካከል ከሆነ ንገሩኝ። መመለስ ካለብኝም ሳይረፍድ ልወቀው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለከንቱ መመላለስ አልፈልግም።

መልስ፦ የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ለይተሽ እዪ። በራሱ የሚደበዝዘው አንድ ነገር ነው፤ የቀለሙ መገርጣት ሌላ። የመጀመሪያው ቶሎ ይስተካከላል።

ዊንዶውስ 11 ባትሪ ለመቆጠብ ሲል በሚታየው ነገር ልክ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሴቲንግ ግቢ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ። ብራይትነስ (የብርሃን መጠን) ከሚለው ጎን ያለችውን ቀስት ስትነኪ «ቼንጅ ብራይትነስ ቤዝድ ኦን ኮንቴንት» የሚል ይመጣል። ኦፍ አድርጊው። እዚያ ከሌለ የግራፊክሱ የራሱ ፕሮግራም ውስጥ ፈልጊ። ኢንቴል ከሆነ ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር ከፍተሽ ፓወር የሚለው ጋ «ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግ» ታገኛለሽ። ኤኤምዲ ከሆነ «ቫሪ-ብራይት» ይባላል። ይኼ ነገር ብርሃኑን ብቻ አይደለም የሚነካው፤ ባትሪ ላይ ስትሆኚ ቀለሙንም ያገረጣዋል። ስለዚህ ካጠፋሽው በኋላ ቻርጀሩን አንዴ ሰክተሽ፣ አንዴ ነቅለሽ ያንኑ የቡና ፎቶ እዪው። ልዩነት ካለ ገና ያልጠፋ ነገር አለ ማለት ነው።

ናይት ላይት (ማታ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንሰው) በርቶ እንዳይሆን እሱንም እዪው። እሱ ሁሉንም ወደ ቢጫ ይጎትታል። ሌላው ድራይቨር ነው፤ ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበት ፕሮግራም ማለት ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተር ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካየሽ የግራፊክሱ ድራይቨር አልተጫነም። ከአምራቹ ገጽ አውርደሽ ጫኚ።

መልስ፦ ጌም ወዳዱ

ቲ.ኤን ስክሪን፣ ያ አቅጣጫ ሲቀየር ቀለሙ የሚበላሸውን ዓይነት፣ ነው የሸጡልሽ። ዛሬ ነገ ሳትዪ መልሺው።

መልስ፦ ስክሪን ቀያሪ (አጂፕ አካባቢ)

ሳያዩ ቲ.ኤን ነው ማለት ይከብዳል ወንድሜ። በቀላሉ ይለያል እኮ። እህቴ፣ የሰው ፊት ያለበት ፎቶ ክፈቺና ክዳኑን ወደ ኋላ እየለጠጥሽ ከታች ወደ ላይ እዪው። ፊቱ ከጠቆረና ቀለሙ ከተገላበጠ ቲ.ኤን ነው። ከየትም አቅጣጫ ስታዪው መልኩ ካልተቀየረ፣ ግን ሁሌም የገረጣ ከሆነ፣ አይ.ፒ.ኤስ የሚባለው ዓይነት ሆኖ የቀለም ስፋቱ (ማሳየት የሚችለው የቀለም መጠን) ጠባብ ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው። ቀይ ወደ ብርቱካናማ መሄዱ የዚያ ዓይነት ስክሪን ዋና ምልክት ነው።

ለማረጋገጥ «ኤችደብሊው ኢንፎ» (HWiNFO) የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኚ። ሞኒተር የሚለው ጋ ስትገቢ የፓነሉ (የስክሪኑ ራሱ) ሠሪና የሞዴል ቁጥሩ ይወጣል። ቢኦኢ፣ ኤዩኦ፣ ኢኖሉክስ ወይም ሌላ ይሆናል። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈልጊው። ሁለት ነገር ብቻ እዪ። አንደኛ ብርሃኑ ስንት ኒት (የብርሃን መለኪያ ነው) እንደሆነ። ሁለተኛ የቀለም ስፋቱ ስንት እንደሆነ። ኤን.ቲ.ኤስ.ሲና ኤስ.አር.ጂ.ቢ የቀለም ስፋት መለኪያዎች ናቸው። «45 በመቶ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ» ካለ፣ ድረ ገጽም ፎቶም ከሚሠራበት ከኤስ.አር.ጂ.ቢ ቀለም ሲሶ ያህሉን ማሳየት አይችልም። «72 በመቶ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ» ወይም «100 በመቶ ኤስ.አር.ጂ.ቢ» የሚለው ነው ለአንቺ ሥራ የሚሆነው።

አንድ ነገር ሰው ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። የአንድ ላፕቶፕ ስም አንድ ስክሪን ማለት አይደለም። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም ያው ሆኖ ውስጡ ሁለት ሦስት ዓይነት ፓነል ይገባበታል። ፕሮሰሰርና ራም በትልቁ ይጻፋል፤ ስክሪኑ ጋ ሲደረስ «ፉል ኤችዲ» ተብሎ ይታለፋል። ፉል ኤችዲ የነጥቦቹን ብዛት እንጂ የቀለሙን ጥራት አይናገርም። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት አብዛኞቹ 45 በመቶና 250 ኒት ገደማ ናቸው። ለመጻፍና ለማንበብ ይበቃሉ። ለቀለም ሥራ አይሆኑም።

የጅሬን ልጅ

አላህ ይስጣችሁ። ያላችሁትን ሁሉ አደረግኩ። ብርሃኑ በራሱ መደብዘዙ ቀረ፤ ጥፋቱ ያ ባትሪ ቆጣቢ ነበር። ክዳኑን ስለጥጠው ቀለሙ አልተገላበጠም። የፓነሉን ቁጥር ፈልጌ አገኘሁት፦ አይ.ፒ.ኤስ፣ 250 ኒት፣ 45 በመቶ። እንዳላችሁት ነው። ቡናው አሁንም ብርቱካናማ ነው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ካሊብሬሽን (የቀለም ማስተካከያ) ቢሠራለት ቀዩ ይመለሳል? ዓይኔን የሚያቃጥለኝስ ከምን ይሆን?

መልስ፦ የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ

ካሊብሬሽን የሌለ ቀለም አይፈጥርም። ስታርት ላይ «ካሊብሬት ዲስፕሌይ ከለር» ብለሽ ብትፈልጊ የዊንዶውሱን ታገኛለሽ። ግራጫው ወደ ሰማያዊ ያደላ እንደሆነ ያቃናዋል፤ ጨለማውና ብርሃኑ መሀል ያለውንም ያስተካክላል። ለዚያ ይጠቅማል፣ ሥሪው። ስክሪን ላይ የሚለጠፈው መለኪያ መሣሪያም ቢሆን ፓነሉ ከሚደርስበት ቀይ አያሳልፈውም። አንዳንዱ የግራፊክሱን ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ከፍ አድርጊ ይልሻል። እሱን በጭራሽ እንዳትነኪ። ለዓይን ደመቅ ይላል፤ ግን በቀይና በቀይ መሀል ያለው ልዩነት ይጠፋና የፍሬው ቅርጽ ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ይሆናል።

ዓይንሽን በተመለከተ ስልክሽን አውጪ። ካሜራውን ፕሮ የሚለው ላይ አድርገሽ ሻተሩን (ምስሉ የሚነሳበትን ጊዜ) ወደ 1/1000 ሰከንድ ቀንሺው፣ ከዚያ ነጭ የከፈትሽበት ስክሪን ላይ አቅኚው። የላፕቶፑን ብርሃን ቀስ እያልሽ ዝቅ አድርጊ። ጥቁር መስመሮች ሲሮጡ ካየሽ ስክሪኑ ብርሃን የሚቀንሰው በፍጥነት እየጠፋና እየበራ ነው። ዓይን አያየውም፤ አንዳንድ ሰው ግን ራስ ምታት ያመጣበታል። መስመሩ ከሚጠፋበት ደረጃ በታች አታውርጂው። መስመር ከሌለ ምናልባት ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለምትሠሪ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ትንሽ መብራት አብሪ። ፊደሉ ደቅቆብሽ ከሆነም ስኬሉን (የፊደሉን መጠን) 125 በመቶ አድርጊውና ፊደል የሚያጠራውን «ክሊር ታይፕ»ን አስተካክዪ።

በረንዳውን እርሺው። 250 ኒት ለቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ ከጎንሽ እንዲሆን ተቀመጪ፤ ከኋላሽም ከፊትሽም አይሁን።

መልስ፦ የማተሚያ ቤት ሰው

ልጄ፣ ስለ ስክሪኑ ብዙ ተብሏል። እኔ ስለ ሥራሽ ልንገርሽ። ለማሸጊያ የምትሠሪ ከሆነ ስክሪን በብርሃን ይናገራል፣ ማተሚያ በቀለም። ምርጥ የተባለው ስክሪንም ወረቀቱ ላይ የሚወጣውን በትክክል አያሳይሽም። እኛ ደንበኛ «ስክሪኔ ላይ ሌላ ነበር» እያለ ሲከራከር ነው የምንውለው።

ስለዚህ በዓይንሽ ሳይሆን በቁጥር ሥሪ። ፋይሉን ገና ስትጀምሪ ሲ.ኤም.ዋይ.ኬ አድርጊው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ የሎና ጥቁር፣ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች ማለት ነው። ቀዩን ማጀንታ 100፣ የሎ 90 ብትሰጪው ስክሪንሽ ላይ ብርቱካናማ ቢመስልም ወረቀቱ ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ቡናማ ግን ያስቸግራል። ጥቁሩ ትንሽ ከበዛ የተቃጠለ ይመስላል፣ ካነሰ ወደ ቀይ ይሄዳል። አንድ ገጽ ላይ ትናንሽ ሳጥኖች ሥሪ። ሲያኑን 40፣ ማጀንታውን 70፣ የሎውን 100 አድርገሽ ያዢ። ጥቁሩን ብቻ 20፣ 30፣ 40፣ 50 እያልሽ ለውጪ። ከየሳጥኑ ሥር ቁጥሩን ጻፊ። ከዚያ የምታሠሪበት ማተሚያ ቤት፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው የማሸጊያ ወረቀት ላይ እንዲያትምልሽ ለምኚ። ያቺን ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊያት። ከዚያ በኋላ ቀለም የምትመርጪው ከእሷ ላይ ነው። ነጭና ክራፍት (ቡናማው ያልነጣ) ወረቀት ላይ ለየብቻ አሳትሚ፤ ክራፍቱ ቀለም ይውጣል፣ ያው ቁጥር ጨለም ብሎ ይወጣል።

ለደንበኛ በስልክ የምትልኪው ምስል ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ስክሪንሽ ካታለለሽ ደንበኛው የሚያየው ሌላ ነው። ለዚያ የተሻለ ስክሪን ያስፈልግሻል።

የጅሬን ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሳጥኖቹን ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። የምሠራው ግማሹ በስልክ የሚላክ ስለሆነ ግን ስክሪኑም ያሳስበኛል። ፓነሉን እዚሁ ጅማ ማስቀየር ይሻላል ወይስ ሞኒተር ልግዛ? መብራት ሲጠፋ ሞኒተር አብሮ ይጠፋብኛል፤ የፈራሁት እሱን ነው።

መልስ፦ ስክሪን ቀያሪ (አጂፕ አካባቢ)

ሥራዬ መቀየር ቢሆንም አሁን አትቀይሪ እልሻለሁ። ላፕቶፑ አዲስ ነው። ከተከፈተ ዋስትናው ሊቀር ይችላል፣ ሻጩም ሰበብ ያገኛል። መጀመሪያ ለመመለስ ሞክሪ።

ካልሆነ ግን ይቻላል። 60 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ) ፉል ኤችዲ አብዛኛው ባለ 30 ፒን ኬብል ነው። 120 ወይም 144 ኸርዝ የሆኑትና አንዳንድ በጣት የሚነኩ (ተች) ስክሪኖች 40 ፒን ናቸው፤ እርስ በርስ አይገጣጠሙም። 15.6 ኢንች የሚባሉትም ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ጠርዘ ቀጭኖቹ 350 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የቆዩት 360 ገደማ ናቸው። የማሰሪያው ቦታም ይለያያል። ስለዚህ ፓነሉ ወጥቶ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ሳይነበብ ማንም ዕቃ እንዳይገዛልሽ። ሌላው፣ ባለሙያው የስክሪኑን ገመድ ከመንካቱ በፊት ባትሪውን መንቀል አለበት። ሳይነቅል ከነካ የብርሃኑ ፊውዝ ሊቃጠል ይችላል፤ ከዚያ ችግሩ ማዘርቦርድ ላይ ይደርሳል። ፊትሽ ባትሪውን ሳይነቅል ሲጀምር ካየሽው አስቁሚው።

ሞኒተር ለቤት ሥራ ጥሩ ነው። 24 ኢንች አይ.ፒ.ኤስ፣ 99 በመቶ ኤስ.አር.ጂ.ቢ የሚል ፈልጊ። መብራት ሲጠፋ ጽሑፉንና አቀማመጡን በላፕቶፑ ትቀጥያለሽ፤ የቀለሙን ውሳኔ መብራት ሲመጣ ትወስኛለሽ። እስከዚያው ስልክሽን ማመሳከሪያ አድርጊው፣ ግን የስልኩን ዲስፕሌይ ከ«ቪቪድ» ወደ «ናቹራል» ቀይሪው። ቪቪዱ ከልክ በላይ ያደምቃል።

መልስ፦ የሕግ ተማሪ

በመመለሱ ላይ ቀኑን ቁጠሪ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። አንቺ ገና ጊዜው አላለፈብሽም።

እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ቀዳዳ አለው። 45 በመቶ የሆነ ስክሪን ደካማ ነው እንጂ የተበላሸ አይደለም። ሻጩ «እንዲህ ነው የተሠራው» ቢል መከራከሪያ አለው። የአንቺ ጉልበት ያለው እሱ የተናገረው ነገር ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ፣ በቴሌግራም በላከልሽ መልእክት ወይም በደረሰኙ ላይ ስለ ስክሪኑ ምን ብሎ ነበር? «ለግራፊክስ ይሆናል» ብሎ ከጻፈልሽ ያ ትልቅ ነገር ነው። ስክሪን ሾት አድርጊና አስቀምጪ። ከዚያ ጥያቄሽን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ላኪለት፤ ቀኑ እንዲታወቅ።

የጅሬን ልጅ

«ለዲዛይን ሥራ ምርጥ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር! መልእክቱን አገኘሁት። ከፓነሉ ቁጥር ጋር አድርጌ ላክሁለት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ልዩነቱን ጨምሬ 100 በመቶ ኤስ.አር.ጂ.ቢ ባለው እንዲቀይርልኝ ተስማማ። ወንድሜ አዲስ አበባ አለ፤ እሱ ሄዶ ይቀይርልኛል ኢንሻአላህ። ስለ ኮምፒውተር ብዙ አያውቅም። ሱቁ ውስጥ ምን እንዲያይ ልንገረው?

መልስ፦ ስክሪን ቀያሪ (አጂፕ አካባቢ)

ጎበዝ! ያንን የቡና ፎቶ በፍላሽ ላኪለት። ስልኩንም ናቹራል ላይ ያድርግ። ሱቁ ውስጥ ላፕቶፑ ቻርጀሩ ተሰክቶ ብርሃኑ 100 ላይ ሆኖ ፎቶውን ይክፈት፣ ከስልኩ ጎን ያስቀምጠው። ቀዩ ቀይ ካልሆነ ሌላ ወሬ አይስማ። ኤችደብሊው ኢንፎንም ፍላሹ ላይ ጫኚለት፤ የፓነሉን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክልሽና አንቺ እዚህ ሆነሽ ፈልጊው። አንቺ «እሺ» ሳትዪ አይፈራረም።

ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ነጭ ምስልም ጨምሪበት። ጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚፈስ ብርሃን፣ ነጩ ላይ የሞተ (የማይበራ) ነጥብ ይፈልግ። ላፕቶፑ ከሱቁ ከወጣ በኋላ አንድ ሁለት ነጥብ ብዙ ጊዜ በዋስትና አይቀየርም። ደረሰኙ ላይ ደግሞ የሞዴሉ ስም ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያሉት ፊደልና ቁጥሮች ሁሉ ይጻፉ፤ ስክሪኑን የሚለዩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። አጠገቡም «100 በመቶ ኤስ.አር.ጂ.ቢ» ተብሎ ይጻፍና ማኅተም ይረፍበት።