የሰው ዘፈን ለብቻ ሲዘፈን ቅንብሩ ይለወጥ ወይስ እንዳለ ይጠበቅ?

አወያይ፦
የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ የዛሬው የመከራከሪያ ጥያቄያችን በድምፃውያን ውድድሮችና በትናንሽ መድረኮች ዘወትር የሚነሳ ነው። አንድ ወጣት ድምፃዊ ቀድሞ በሌላ ሰው የተዘፈነን ዘፈን ለብቻው፣ በአንድ ኪቦርድ ወይም በአንድ ክራር ብቻ ታጅቦ ሲያቀርብ፣ ቅንብሩንና ፍጥነቱን ለራሱ ድምፅ እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ይገባዋል? ወይስ ሕዝቡ በጆሮው ይዞት የኖረውን መልክ ሳይነካ ማቅረብ አለበት? በተለይ ስለ 1950ዎቹና ስለ 1960ዎቹ ዓ.ም. የኦርኬስትራ ዘፈኖች ብትነጋገሩ ጥያቄው ይጠራል ብዬ አምናለሁ። እባካችሁ በመከባበርና በምክንያት እንከራከር።

አድማጭ፦
እኔ እንዳለ ይጠበቅ ከሚሉት ወገን ነኝ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች፣ እንዲሁም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞች በዚያ ዘመን የሠሩት ሥራ ድምፃዊው ብቻውን የሠራው አልነበረም። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ዘፋኙ ለሚለው መልስ ይሰጡ ነበር፤ ዘፋኙም ያንን መልስ ጠብቆ ነበር ትንፋሹን የሚሰበስበው። ዛሬ ወጣቶቻችን ይህንን ሁሉ ትተው ዘፈኑን ከልክ በላይ አዘግይተው፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተቱ ሲያቀርቡ፣ የቀረው ግጥሙ እንጂ ዘፈኑ አይመስለኝም። አንዳንዱም ምት ያለውን፣ ሰው እየጨፈረ የሚሰማውን ዘፈን ወስዶ ልቅሶ ያደርገዋል። የራሱን ስሜት መግለጽ የሚፈልግ ድምፃዊ የራሱን አዲስ ዘፈን ይዝፈን፤ የሰው ከወሰደ ግን እንደተሰጠው አድርጎ ይመልሰው።

ወጣት ድምፃዊት፦
አባታችን፣ ስጋትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በተግባር ሲታይ «እንዳለ» የሚባለው ነገር ለእኔ አይቻልም። አንድ ኪቦርድ ይዤ መድረክ ላይ ስቆም የአምስትና የስድስት ሰው ትንፋሽ መሣሪያ ከየት አመጣለሁ? በኪቦርዱ ውስጥ ያለውን የትራምፔት ድምፅ ብጠቀም የበለጠ ያሳፍራል እንጂ አያኮራም። የምወዳቸው ብዙዎቹ ዘፈኖች ደግሞ ወንዶች የዘፈኗቸው ስለሆኑ በተቀረጹበት ድምፅ ብዘፍናቸው ወይ ታችኛው ክፍል ይጠፋብኛል፣ ወይ አንድ ኦክታቭ ከፍ ሳደርገው ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ ለውጥ የግድ ነው፤ ጥያቄው የቱን መለወጥ፣ የቱን መተው የሚለው ይመስለኛል። በዚህ ላይ መምህርት ቢያብራሩልን ደስ ይለኛል።

የድምፅ መምህርት፦
ልጄ ጥያቄውን ትክክለኛ ቦታ ላይ አስቀምጣዋለች። እኔ ለተማሪዎቼ በመጀመሪያ የማዛቸው ዘፈኑን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲዘፍኑት ነው። በዚያ ጊዜ ዜማውን በትክክል የያዘው ማን እንደሆነ፣ መሣሪያው ሲደግፈው ብቻ የሚሄደውም ማን እንደሆነ ወዲያውኑ ይታወቃል። ከዚያ በዘፈኑ ውስጥ ያለውን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ለይተን እንጽፋለን። ብዙዎች መነሻውን የሚመርጡት የአዝማቹን የመጀመሪያ ቃል ሞክረው ነው፤ ይህ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ስንኝ ላይ ያለው ከፍታ ወይም መግቢያው ላይ ያለው ዝቅታ የሚያጋልጠው በኋላ ነው። የወንድ ዘፈን ለሴት ሲሆን ብዙውን ጊዜ በአራት ወይም በአምስት ድምፅ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ይህ ለውጥ ማንንም አይጎዳም፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት እንዳለ ስለሚቆይ ዜማው ያው ዜማ ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ፤ እርሱም ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚመላለስባቸው የተወሰኑ ድምፆች ስብስብ ነው። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ከዶ ሲጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ በውስጡ የሉም። ኪቦርድ የሚጫወተው ወጣት ግን እጁ የለመደውን የፋ ኮርድ፣ ማለትም ፋን ይዘው በአንድነት የሚመቱ ድምፆችን፣ በየመሐሉ ሲያስገባ፣ ዘፋኟም ሳታስበው ድምፅዋን ወደዚያ ታንሸራትታለች፤ ጌጡን ስትሠራም ፋን ትነካለች። በዚህ ጊዜ የተለወጠው ቅንብሩ ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑ ከትዝታነት ወጥቷል። በትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ድምፃዊው ብዙ ድጋፍ ስላለው ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ ብቸኛ ድምፅ ላይ ግን ጆሮ ሁሉ ዘፋኟ ላይ ስለሆነ ወዲያውኑ ይሰማል። ፍጥነቱን፣ መግቢያውን፣ የመሣሪያ መሸጋገሪያውን ለውጡ፤ ቅኝቱን ግን አትንኩ የምለው ለዚህ ነው።

ለአባታችንም አንድ ነገር ላስታውስ። ጌታቸው ካሳ «ትዝታ» የተባለውን ዘፈን ራሱ በዝግታም በፍጥነትም አስቀርጿል። አንድ ድምፃዊ አንድን ዘፈን በሁለት ፍጥነት ሲዘፍነው ሁለቱም ተወደዱለት፤ ስለዚህ ዝግታ በራሱ ጥፋት ሊሆን አይችልም። አስናቀች ወርቁም በአንድ ክራር ብቻ፣ ራሷን እያጀበች፣ ሰውን ይዛ ትቆይ ነበር። ለብቻ መዝፈን እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከኦርኬስትራውም የቆየ ነው።

አቀናባሪና ኪቦርድ ተጫዋች፦
መምህርት ስለ ፋ ኮርድ ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ፤ ይህ ስንፍና በእኛ በተጫዋቾች ዘንድ በብዛት አለ። ነገር ግን ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ በአጀቡ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ ከተባለ፣ ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች ለኦርኬስትራ የጻፉትንም ኅብረ ድምፅ ልንኮንን ነው። እነርሱ በአንድ ድምፅ ይሄድ የነበረውን ዜማ ወስደው በትንፋሽ መሣሪያዎች ያቀናበሩ ናቸው፤ ዛሬ «የጥንቱ» ብለን የምንጠብቀው መልክ በጊዜው አዲስ ቅንብር ነበር። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የዘፋኙ ዜማ በአምስቱ ድምፆች ውስጥ ይቆይ፣ አጀቡ ግን በጥንቃቄ ቀለም ይጨምር። ለብቸኛ ድምፅ ስሠራ በግራ እጄ ዶን እና ሶልን ብቻ እንደ ክራር ደጋግሜ እይዛለሁ፣ ኮርድ የማስገባው ዘፋኙ ዝም ባለበት ቦታ ነው። እንዲህ ሲሆን መምህርት የሚፈሩት መንሸራተት አይደርስም።

ሌላው ሰው የማያነሳው ጉዳይ አጨራረሱ ነው። በሸክላና በካሴት የተቀረጹ ብዙ ዘፈኖች የሚያልቁት አዝማቹ እየተደጋገመ ድምፁ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ነው። መድረክ ላይ ይህ አይቻልም፤ እንዳለ ይጠበቅ የሚለው ሰው ማብቂያ የሌለው ዘፈን እንዴት እንደሚዘጋ ሊነግረን ይገባል። መሐል ላይ ያለው ረጅም የሳክስፎን ክፍልም እንዲሁ ነው። ሊቆረጥ፣ በእንጉርጉሮ ሊተካ ወይም በአንድ አጭር የክራር ሐረግ ሊሞላ ይችላል፤ ዘፋኟ እጇን አጣምራ እንድትጠብቅ ማድረግ ግን ዘፈኑንም እርሷንም ይጎዳል።

የሕግ ባለሙያ፦
እስካሁን የተባለው ስለ ውበት ነው፤ ስለ መብት ግን ማንም አላነሳም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ በሕዝብ ፊት የማቅረብንም፣ የማቀናበርና የመለወጥንም መብት ለሥራው አመንጪ ይሰጣል። ጥበቃው አመንጪው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ወጣቷ እህታችን «የቱን ልለውጥ» ብላ ከመጠየቅዋ በፊት «ማንን ላስፈቅድ» ብላ መጠየቅ ይኖርባታል። ይህ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝነኛው ድምፃዊ አይደለም፤ የግጥሙ ደራሲ፣ የዜማው ደራሲና አቀናባሪው ናቸው። መድረክ ላይ ግን የሚጠራው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው፤ ይህ ልማድ ለዓመታት ደራሲዎቻችንን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ። ባለቤታቸው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማዎች ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ ሆኖም የሕዝቡን ዜማ አንድ አቀናባሪ በራሱ መንገድ ካቀናበረው፣ ያንን ቅንብር እንዳለ መውሰድ የእርሱን ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲህ ከሕግ አንጻር ሲታይ አዲስ ቅንብር መሥራትም፣ የድሮውን እንዳለ ማቅረብም ሁለቱም ፈቃድ የሚሹ ናቸው፤ እንዳለ ማቅረብ ከኃላፊነት ነጻ ያደርጋል የሚለው ግምት መሠረት የለውም።

አድማጭ፦
ስለ አጨራረሱ የተባለው አሳምኖኛል፤ ስለ ጌታቸው ካሳም መምህርት የተናገሩት እውነት ነው። ፍጥነት ሲለወጥ ሁልጊዜ ዘፈኑ ይበላሻል የሚለውን አቋሜን አነሳለሁ። በግጥሙ ላይ ግን አልለቅም። ወንድ ለሴት የዘፈነውን ሴት ስትዘፍነው «አንቺ» የሚለውን «አንተ» ብላ መቀየሯ ለእኔ ትልቅ ጥፋት ነው። ስንኙ «ነይ» ብሎ ከ«ሰማይ» ጋር ቤት መትቶ ከሆነ፣ «ና» ሲባል ቤቱ ይፈርሳል፤ ደራሲው የደከመበት ሁሉ በአንድ ቃል ይጠፋል።

የድምፅ መምህርት፦
በዚህ ከአባታችን ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቤት የማይፈርስበት ቦታ እንኳ ቢሆን የግጥም ደራሲውን ሳያስፈቅዱ መቀየር ተገቢ አይመስለኝም፤ ተማሪዎቼም እንደተጻፈው እንዲዘፍኑ ነው የማደርገው። አድማጭ ዘፋኟ የሌላን ሰው ቃል እንደምትናገር ያውቃል።

ወጣት ድምፃዊት፦
መምህርት፣ እዚህ ላይ ልለይዎት እገደዳለሁ። ብቻዬን ቆሜ፣ ከኋላዬ አንድ መሣሪያ ብቻ ይዤ፣ የናፍቆት ቃል ለሴት ስናገር አድማጩ ከእኔ ጋር ለመሆን ይቸገራል፤ እኔም ቃሉን አምኜ ለማውጣት ይከብደኛል። ቤት በሚፈርስበት ስንኝ ላይ አልነካም፤ ይልቁንም ያንን ስንኝ ትቼ ሌላውን እደግማለሁ። «አልረሳሽም» የሚለው «አልረሳህም» ሲሆን ግን ቤቱም ምቱም አይጎድልም። የሕግ ባለሙያው ወንድሜ እንዳስረዱን የግጥሙን ደራሲ አስፈቅጄ፣ ስማቸውን ከመዝፈኔ በፊት ጠርቼ ይህንን ባደርግ ጥፋቱ የት ላይ እንደሚቀር አባታችን ቢነግሩኝ እወዳለሁ።

አድማጭ፦
ደራሲው በሕይወት ኖሮ ከፈቀደልሽ፣ ልጄ፣ እኔ ምንም ቃል የለኝም። በሕይወት ከሌለ ግን ቤተሰቡ ስለ ገንዘቡ ሊፈቅድልሽ ይችላል እንጂ ስለ ስንኙ እርሱን ተክቶ ሊመልስልሽ የሚችል አይመስለኝም፤ በዚያ ጊዜ እንደተጻፈው ዝፈኝው።